የፑል ጨርቅ አይታጠብም

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፑል ቤት ነበር። ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ የአፈር መንገድ። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳና ጨርቁ ላይ ያርፋል። ባለቤቱ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ተነሱና ጨርቁን በልብስ ሳሙና ዱቄት አርሰው፣ በልብስ ብሩሽ ፈትገው፣ በባልዲ ውሃ አለቀለቁት። አረንጓዴው ፍክት አለ። እኛም ከበን አደነቅን። በማግስቱ ግን ጨርቁ እዚህም እዚያም ተነፍቶ ተገኘ። ቀስ ተብሎ የተመታ ኳስ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይርና ወደ ጎን ይታጠፋል። ብዙም ሳይቆዩ አዲስ ጨርቅ ለማልበስ ተገደዱ።

ያኔ ስቀናል። ኋላ እኔም ጠረጴዛ መንከባከብ ሲደርሰኝ ሳቁ ቀረ። ብዙ ጨርቅ ሲበላሽ አይቻለሁ፤ ግማሹን ያበላሸው ቆሻሻው ሳይሆን ሊያጸዳው የተነሳው ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ደረቅ ሥራ ነው። ውሃ የሚገባው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በጠብታ።

ጨርቁን የሚበላው ምንድን ነው?

ቢራና ቡና ሲፈስ ሁሉም ሰው ይደነግጣል። እነሱ ስለሚታዩ ነው። ዋናው ጉዳት ግን የሚመጣው ኳስ በምንመታበት ዱላ፣ በስቴካው ጫፍ ላይ ከምንቀባው ሰማያዊ ቾክ ነው። ስሙ ቾክ ይሁን እንጂ መምህር ሰሌዳ ላይ ከሚጽፍበት ጠመኔ ጋር ዝምድና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስ የተባለ ቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያወጡበት ቅይጥ ነው። ውስጡ ሲሊካና አሉሚኒየም ኦክሳይድ አለ። አሉሚኒየም ኦክሳይድን አናጺዎች በደንብ ያውቁታል፤ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ተለጥፎ እንጨት የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

ስቴካው ኳሱን ሲመታ ይህ ዱቄት ይረግፋል። የፑል ኳስ ወርዱ 57 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። በተንከባለለ ቁጥር ዱቄቱን እየተጫነ በክሮቹ መሃል ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ከውስጥ ይሞረዳል። የመንገዱን አቧራ ስትጨምሩበት ደግሞ ሞረዱ ሁለት ይሆናል። ቾኩ ራሱ ሰማያዊ ስለሆነ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ቶሎ አይታይም። ነጭ ሶፍት ወስዳችሁ ጨርቁን ጠረግ አድርጉት። ሰማያዊ ሆኖ ከመጣ ጊዜው አልፎባችኋል ማለት ነው።

ጨርቃችሁን እወቁት

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት መዳፋችሁን ጨርቁ ላይ አድርጉና ወደ አንድ አቅጣጫ ዳስሱት። ከዚያ መልሳችሁ ወደ ኋላ። በአንዱ በኩል ለስለስ፣ በሌላው ሻከር የሚል ከሆነ፣ የድመትን ፀጉር ወደ ኋላ እንደ መዳበስ ካለ፣ ጨርቁ ፀጉር ያለው ነው። የስኑከር፣ ማለትም ሰፋ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ፣ ጨርቁ እንዲህ ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያለ የፑል ጨርቆችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው።

በሁለቱም በኩል እኩል ከለሰለሰና እንደ ሙሉ ልብስ ጨርቅ ሽመናው ጥርት ብሎ ከታየ ፀጉር አልባ ነው። ኳስ ላዩ ላይ ይበራል። ቤልጂየም ውስጥ በቬርቪየ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1680 ጀምሮ ሱፍ የሚሠራው ሲሞኒስ የተባለው ኩባንያ የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ነው፤ 860 የሚባለው ጨርቁ 90 በመቶ ሱፍ፣ 10 በመቶ ናይለን ነው። ርካሹም ሆነ ውዱ፣ ብዙውን ጊዜ ሱፍ አለበት። ሱፍ መሆኑን አትርሱ። ጋቢ በፈላ ውሃ እንደማይታጠብ ሁሉ ይሄም አይታጠብም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ተወጥሮ ተመትቷልና።

ልዩነቱ ሁለት ነገር ይወስናል። ፀጉር ያለው ጨርቅ የሚቦረሸው ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ካልፈሰሰበት በቀር እርጥብ ፎጣም አይነካውም። ፀጉር አልባው በሁለቱም ይታገሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከስር እዩ። እጃችሁን ከጠረጴዛው ስር ሰዳችሁ አንኳኩ። ድንጋይ ከሆነ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ በደህና ጠረጴዛ ላይ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ላይ ድንጋዩ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቁራጭ ነው፤ መገጣጠሚያው በሰም ወይም በሌላ መሙያ ተደፍኗል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ካውያና ቫኪዩም ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን። ሲያንኳኩት ቀለል ያለ የእንጨት ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ያ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም።

የየቀኑ ሥራ

ኳሶቹን አውጡ። ከጠረጴዛው በላይ አምፖል ወይም ሼድ ካለ መጀመሪያ እሱን በትንሽ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ጨርቁን አጽድቶ ሲጨርስ ከላይ አቧራ ይዘንብበታል። ቀጥሎ የእንጨቱን ጠርዝ ጥረጉ። ቾክ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ ዱቄቱ ያለውም እዚያው ነው። ወደ ውጭ ጥረጉት፤ ወደ ጨርቁ አታራግፉት።

አሁን ብሩሹ። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ረዥሙ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ነው። ካላገኛችሁ አዲስ የጫማ ብሩሽ ይተካል፤ ሊስትሮዎች ማወልወያ የሚያደርጉት ለስላሳው ማለቴ ነው። ቀለም ነክቶት የሚያውቅ ከሆነ ግን ወደ ጠረጴዛው አታስጠጉት። የፕላስቲክ የልብስ ብሩሽ፣ የቤት መጥረጊያ፣ የምንጣፍ ብሩሽ፣ ሁሉም ክር ይመዛሉ።

የምትጀምሩት ከጎማው ስር ነው። ኳሱ ተመትቶ የሚመለስበት ጎማ ከጨርቁ ጋር የሚገናኝበት ጥግ የዱቄት ጎተራ ነው። የብሩሹን ጫፍ አስገቡና ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ወደ መሃል አውጡት። ጥግ ጥጉን አትዝለሉ። ብል የሚራባውም እዚያው ጨለማው ውስጥ ነው። ሱፍ ምግቡ ነው፤ ማንም ሳይነካው ወር የሚከርም ጥግ ካገኘ ይሠፍራል። በየሳምንቱ የሚቦረሽ ጠረጴዛ ግን ብል አይስማማውም።

ከዚያ ሜዳውን። ከመክፈቻው ጫፍ፣ ማለትም ነጩ ኳስ ከሚቀመጥበት በኩል ቁሙና ኳሶቹ የሚደረደሩበት ትሪያንግል ወደሚቀመጥበት ጫፍ በቀጥታ መስመር ሳቡት። ስኑከር ላይ ፀጉሩ የሚተኛው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጥቁሯ ኳስ። ፀጉር ባለው የፑል ጨርቅ ላይ ግን አልባሹ እንዴት እንዳለበሰው አይታወቅምና መዳፋችሁ ለስለስ ያለበትን አቅጣጫ እመኑ። መስመሩ ሲያልቅ ብሩሹን አንሱና ወደ መነሻው ተመለሱ። ወዲያና ወዲህ መፈተግ የለም፤ ክብ መዞርም የለም። እጃችሁን አትጫኑ፤ የብሩሹ ክብደት ይበቃዋል። አንድ ጉዞ ሲያልቅ ብሩሹን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጋችሁ አራግፉ።

የኛ ካራምቡላ ጠረጴዛ ላይ አንድ ችግር አለ። ቀዳዳ ስለሌለው የተጠረገው ዱቄት መግቢያ የለውም፤ መጨረሻው ጎማ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ እዚያ ጫፍ ላይ ረጠብ ያለ ፎጣ ወይም ቫኪዩም ይዛችሁ ጠብቁት። ፑል ላይ ወደ ቀዳዳዎቹ ብትጠርጉትም ቀዳዳው ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ። ኳሱ ይዞት ይመለሳል።

ሥራው በሙሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ፑል ቤት ከሆነ በየማታው ከመዘጋቱ በፊት፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ። ጠዋት አደርገዋለሁ የሚል ጠዋት ደንበኛ ይቀድመዋል።

ቫኪዩም ካላችሁ

ብሩሽ ላይ ላዩን ያነሳል። ክሩ መሃል የገባውን ዱቄት ቫኪዩም ነው የሚያወጣው። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሦስት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ አፉ ውስጥ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ከሆነ አጥፉት ወይም ሌላ አፍ ቀይሩለት። የሚሽከረከረው ለምንጣፍ ነው፤ የፑል ጨርቅን እንደ በግ ይሸልተዋል። ሁለተኛ፣ የመሳብ ኃይሉን ዝቅ አድርጉት። ጨርቁ ከድንጋዩ ተነስቶ አፉ ላይ ከተለጠፈ በዝቷል። ሦስተኛ፣ መገጣጠሚያው ላይ አትቁሙ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ መሙያ ተሰብሮ ከሆነ፣ ኃይለኛ ቫኪዩም ፍርፋሪውን ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል። ከጨርቅ ስር የገባች አንዲት ፍርፋሪ ደግሞ ላዩ ላይ ጉብታ ትሆናለች፤ እሷን ለማውጣት ጨርቁን መንቀል ነው።

ቫኪዩም ከሌለ ብዙ አትጨነቁ። በየቀኑ የሚቦረሽ ጠረጴዛ በወር አንዴ ቫኪዩም ተውሶ ከሚያጸዳው ይሻላል።

እርጥብ ፎጣ መቼ?

ፀጉር አልባ ጨርቅ ላይ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከብሩሽና ከቫኪዩም በኋላ። በፊት ካደረጋችሁት ዱቄቱ ጭቃ ይሆናል።

ክር የማያራግፍ ፎጣ ውሰዱ፤ መኪና የሚወለወልበት ማይክሮፋይበር ጥሩ ነው። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እስኪደክማችሁ ጭመቁት። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ደግማችሁ ጭመቁት። ፊታችሁ ላይ ስታደርጉት ቀዘቀዘኝ እንጂ ረጠብኩ የማያሰኝ መሆን አለበት። አሁን እንደ ብሩሹ በቀጥታ መስመር ጥረጉ። ፎጣው ሰማያዊ ሲሆን ገጹን ገልብጡ፤ አራቱም ገጽ ሲያልቅ እጠቡት። ሲጨርሱ አንድ ሰዓት ያህል ማንም እንዳይጫወት፣ መስኮት ይከፈት።

ላርጎ አይገባም። በረኪና በጭራሽ አይገባም፤ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ሱፉን ይበላዋል። የመኪና ወንበር የሚጸዳበት አረፋም አይሆንም። ሳሙና ከጨርቁ ውስጥ አለቅልቃችሁ ማውጣት አትችሉም፤ እዚያው ደርቆ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል።

ኳሶቹን እጠቡ

የማጠብ አምሮት ለቀረበት ሰው፣ ኳሶቹ አሉ። ኳሶቹ ቆሽሸው ጨርቁን ብቻ ብታጸዱ፣ ቆሻሻው በአንድ ጨዋታ ይመለሳል። ኳስ የእጅ ላብ፣ የሳምቡሳ ዘይትና የቾክ ዱቄት ይዞ በሜዳው ሁሉ ያዳርሳል።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጉ፤ ላርጎ ጠብ አድርጉበት። አንድ በአንድ በለስላሳ ስፖንጅ እሹአቸው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በፎጣ አድርቁ። የሽቦ ስፖንጅ ይጭራቸዋል፤ የተጫረ ኳስ ደግሞ ተመልሶ ጨርቁን ይጭራል። ዘፍዝፎ ማሳደርም አያስፈልግም። ፑል ቤት ከሆነ በሳምንት ሁለቴ፣ ቤት ከሆነ በወር አንዴ። ነጩ ኳስ ግን ብቻውን በየቀኑ ቢጠረግ ይገባዋል፤ ቾክ የሚቀበለው እሱ ነው።

ሲፈስ

ፈሳሽ ሲፈስ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይወስናሉ። አትፈትጉ። ሶፍት ወይም ነጭ ፎጣ ላዩ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ተጫኑ፣ አንሱ፣ ሌላ ደረቅ አድርጉ፣ ደግሞ ተጫኑ። ከዳር ወደ መሃል ሂዱ፤ ከመሃል ከጀመራችሁ እድፉ ይሰፋል። ባለቀለም ሶፍት አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ይሰጣችኋል።

ውሃ ብቻ ከሆነ ሥራው እዚህ ያበቃል። ለስላሳ መጠጥ፣ ድራፍት፣ ማኪያቶ ከሆነ ስኳሩ ስለሚጣበቅ አንድ ደረጃ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ ረጠብ ባለ ፎጣ መታ መታ አድርጉት፣ በደረቅ ተጫኑት፤ ፎጣው ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ደጋግሙት። ሙቅ ውሃ እድፉን ያጸናዋል። ለማድረቅ የፀጉር ማድረቂያ ከተጠቀማችሁ በቀዝቃዛው አየር ይሁን። ፀጉር ያለው ጨርቅ ከሆነ ከደረቀ በኋላ ብቻ ቦርሹት።

መብራት ሲጠፋ ሻማ ጠርዙ ላይ አቁሞ መጫወት የተለመደ ነው። ሰም ከፈሰሰ አትቧጭሩት፤ ገና ትኩስ ሳለ ከጠረጋችሁት ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡ። ሲደርቅ በባንክ ካርድ ጠርዝ ፈልፍላችሁ አንሱት። የቀረውን ስስ ሽፋን ያልታተመበት ነጭ ወረቀት አልብሳችሁ ለብ ባለ ካውያ ነካ ነካ አድርጉት፤ ወረቀቱ ሰሙን ይጠጣል። ማስቲካም በበረዶው ነው የሚወጣው። ለሻማ ሌላ ቦታ ፈልጉለት እንጂ።

ስለ ሲጋራ ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስ ከልክሏል፤ ፑል ቤትም እዚያ ውስጥ ነው። ጨርቁ በዚህ በኩል ሕግ ይከላከልለታል። የዕጣን ማጨሻ ግን ሕግ አልከለከለውም፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ማጨሻውን ከጠረጴዛው አርቁት። ፍንጣሪ የበላውን ቀዳዳ ማንም አይመልሰውም።

ነጫጭ ነጥቦችና መስመሮች

“ይህን ነጭ ነጥብ በምን ላጥፋው?” የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። አይጠፋም። እድፍ አይደለማ፤ ቃጠሎ ነው። ኳስ በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ሳይንከባለል ይንሸራተታል፤ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ሙቀት የክሩን ጫፍ ያቀልጠዋል ወይም ያቃጥለዋል። የናይለኑ ክር ቶሎ ይሸነፋል። ለዚህ ነው ነጥቦቹ በብዛት መክፈቻው ቦታ ላይና የትሪያንግሉ ጫፍ ኳስ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሚታዩት።

ማጥፋት ባይቻል መቀነስ ይቻላል። ትሩፍ የፑል ጨርቅ በመዳፍ ስፋት ቆርጣችሁ ለመክፈቻ ምት ብቻ ነጩ ኳስ ስር አድርጉ፣ ከተመታ በኋላ አንሱት። ወይም ተጫዋቾች መክፈቻውን አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ይምቱ። ትሪያንግሉንም ኳስ ሞልቶ ወደ ኋላና ወደ ፊት መጎተት ይቅር፤ ቦታው ላይ አስቀምጡት፣ ኳሶቹን አስተካክሉ፣ አንሱት። ያ ማንም የማያየው መጎተት ነው ሜዳው ላይ ሁለት ጥቁር ሐዲድ የሚሠራው።

ካውያ

ካውያ ግድ አይደለም። ፀጉር ያለው ጨርቅ ላይ ግን ከቦረሹ በኋላ መተኮስ ፀጉሩን ያስተኛዋል፣ ኳሱንም ያፈጥነዋል። ስኑከር ቤቶች ለዚህ የሚሆን የራሳቸው ካውያ አላቸው። የቤቱን ለመጠቀም ከፈለጋችሁ እንፋሎቱን አጥፉ፣ ሙቀቱን የሱፍ ምልክት ላይ ወይም ከዚያ ዝቅ አድርጉት። የድሮ ሰዎች የሚፈትኑት በጋዜጣ ነው፤ ካውያውን ጋዜጣ ላይ አሳርፉት፣ ወረቀቱ ቡናማ ከሆነ ለጨርቁም ይሞቃል። ከዚያ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ሳታቆሙ በቀጥታ ሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ስልክ ማንሳት የለም። መገጣጠሚያው ላይ ቶሎ እለፉ፤ ከስሩ ሰም ካለ ይቀልጣል። ጎማዎቹ አይተኮሱም።

ክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የጠረጴዛ ፈተና ነው። ሱፍ እርጥበት ይወዳል፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ የውሃ ተን ጠጥቶ ሲነካ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ጨርቁ ይላላል፣ ኳሱ ይከብዳል፣ ተጫዋቹ “ጠረጴዛው ደከመ” ይላል። አልተሳሳተም። የሦስት ጎማ ካራምቡላ ውድድር የሚካሄድባቸው ጠረጴዛዎች ከድንጋዩ ስር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው፤ ጨርቁ ደረቅ እንዲሆን።

እኛ ማሞቂያ ባይኖረን የምንችለውን እናድርግ። ጠረጴዛው ከበረንዳ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነ ዝናብ ከሚረጭበት ጠርዝ ይራቅ። ፀሐይ ስትወጣ መስኮት ክፈቱ። ከሰል አቀጣጥለው ጠረጴዛው ስር የሚያስቀምጡ ሰዎች አይቻለሁ። በዝግ ቤት የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ለፑል የሚሞት የለም። በክረምት እርጥብ ፎጣውን ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ በብሩሹ ብቻ አዝልቁት።

ማታ ማታ ሽፋን ያስፈልጋል። አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ይሻላል፤ አየር ያስገባል። ላስቲክ ከዝናብ ያድናል፣ ነገር ግን ጨርቁ ረጥቦ ሳለ ከለበሰ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይሻግታል። ስለዚህ ላስቲክ ከሆነ ደረቅ ጨርቅ ላይ ብቻ። በጋ ደግሞ የመስኮት ፀሐይ ቀለሙን ያፈዘዋል፤ ሽፋኑ ቀንም ይሠራል።

ተጫዋቾችን ማስለመድ

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ የሚያነብ የለም፤ እኔ የሠራልኝ ነገሩን ማመቻቸት ነው። ብርጭቆ ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ ከማለት፣ እጅ የሚደርስበት ትንሽ ጠረጴዛ ማቆም። የእጅ መታጠቢያ ባይኖር እርጥብ ፎጣ መስቀል። እጃቸው የሚያልባቸው ተጫዋቾች ፓውደር ይነሰንሳሉ፤ ነጭ የእጅ አሻራ ጨርቁ ላይ ይቀራል። አንድ ጓንት ቤቱ ውስጥ ቢኖር ፓውደሩ ይረሳል።

ቾኩ ከጠረጴዛው ውጭ ይቀባ፤ ጫፉን በቾኩ ጠረግ ጠረግ እያደረጉ እንጂ እንደ መሰርሰሪያ እያሽከረከሩ አይደለም። ሲቀመጥ የተጎደጎደው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። ተደፍቶ ከተቀመጠ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክብ ይተዋል፤ ያን ክብ የአንዱ ክንድ ወስዶ ጨርቁ ላይ ያትመዋል። ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ፣ ስቴካ በቁመት አቁሞ ከላይ ወደ ታች መውጋት፣ ቆሎ በመዳፍ ይዞ መጫወት፣ እነዚህን በቀልድም ቢሆን ቶሎ አስቁሙ። ጨርቁን ከወጋው ሰው ቅጣት መሰብሰብ ይቻላል፤ ቅጣቱ ግን ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ሲቀደድና ሲያረጅ

ከጥፍር ያነሰች ቀዳዳ ከሆነች ክሩ እንዳይመዘዝ ብቻ አድርጉ። የወጣውን ክር አትጎትቱ፤ በመቀስ እኩል ቁረጡት። ላዩ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ኳሱን ያዘልለዋል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር የበለጠ ቅዳጅ ከሆነ የሚጠገነው ከስር ነው፤ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ ከቅዳጁ ስር አስገብታችሁ ጠርዞቹን ገጥማችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑ። ጨርቁ ጥብቅ ብሎ ከተወጠረ ግን ከስሩ ምንም ማስገባት አይቻልም። ያኔ ባለሙያ ጥሩ።

አሁን ጥያቄው መቼ ይቀየር የሚለው ነው። ዓመት ቆጥራችሁ አትወስኑ፤ በቀን አሥር ሰዓት የሚሠራ ፑል ቤትና በእሁድ የሚነካ የቤት ጠረጴዛ አይወዳደሩም። ሦስት ነገር ፈትኑ። መዳፋችሁን አስቀምጡና ወደ ፊት ገፋ አድርጉ፤ ፊቱ ላይ ሽብሽብ ከተነሳ ላልቷል። መላላት ብቻ ከሆነ ተነቅሎ እንደገና ሊወጠር ይችላል። ቀጥሎ ንጹሕ ኳስ በጣም ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ በተለያየ ቦታ ከሁለቱም በኩል ሞክሩ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጠረጴዛው ነው የተዛባው፤ እግሩን አስተካክሉ እንጂ ጨርቁን አትውቀሱ። አንድ መስመር ላይ ብቻ ከታጠፈ ጨርቁ ላይ ሐዲድ ወጥቷል። በመጨረሻ ጎማው ስርና ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ እዩ። ሽመናው ሳስቶ ከስሩ ያለው ከታየ ከአሁን በኋላ የምታጸዱት ነገር የለም፤ ይቀየር።

ሲቀየር አብራችሁ ቁሙ። አሮጌው ሲነቀል ድንጋዩ ላይ ያለው የዓመታት ዱቄት፣ የስቴፕል ሽቦና የሙጫ ቅራሪ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረግ። አልባሹ በእጁ ዳስሶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ እናንተም ዳስሱ። መገጣጠሚያው ከተሰበረ የሚደፈነው ያኔ ነው። የጎማዎቹም ጨርቅ አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ኳሱን በሁለት ዓይነት ፍጥነት ይመልሰዋል። ከአዲሱ ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ለአልባሹ አትተዉለት። አንዱን ለመክፈቻው ምት ነጩ ኳስ ስር የሚገባ አድርጉት፤ የቀረውን ጠቅልላችሁ ብል በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ ቅዳጅ የመጣ ቀን ቀለሙ የሚመሳሰል ሌላ አታገኙም።